ጮማው ይጠብቃል እንጂ አይገባም

ማርሴይ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1992 እ.ኤ.አ.

ለምወድዎ አክስቴ ብላንዲን፣

እንደምን ከረሙልኝ? የአጎቴ የፊሊቤር ወገብ ክረምቱን ቻለላቸው? ጆሮዎስ? በስልክ ብደውል «ማን ሞተ?» እያሉ ስለሚጮኹብኝ በብዕር መጣሁ። እኛ፣ እኔም ባለቤቴ አረዝቂም፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። እናንተ ሴንት ኦዲል ላይ በረዶ ስትዝቁ እኔ በሹራብ ብቻ ገበያ ደርሼ መምጣቴን ብነግርዎ እንዳይቀየሙኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ አማቴ ስለ ላላ ታሳዲት ነው። ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ወዲህ እኛው ዘንድ ናቸው። ከአልጄሪያ ተራራ ይዘውት የመጡት ኩራት ንክች አላለም፤ ሰውነታቸው ግን አልቋል። ሾርባው «ጨው በዛው»፣ ዳቦው «ደረቀ»፣ ዶሮው «ማን አረደው?»። ልጃቸው ሲለምናቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እኔ ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ ስሜ «ያቺ ሴትዮ» ነው፤ አጠገባቸው ቆሜ እንኳ «ያቺ ሴትዮ መስኮቱን ትዝጋው» ይላሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት እርስዎ ለገና የላኩልኝን የሜፕል ሽሮፕ ዳቦዬ ላይ ሳፈስ አዩኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የዛፍ ውሃ ነው። እስኪወፍር ይፈላል።»

«ሌላ ምን ገባበት?»

«ምንም። ውሃና እሳት ብቻ።»

በማንኪያ ቀመሱ። ከዚያ ባዶውን ማንኪያ መልሰው ዘረጉልኝ። አክስቴ፣ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሽሮፕ የጠጣ ዳቦ ጠዋትም ማታም ይበላሉ። ጉንጫቸው ሥጋ መያዝ ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በድንገት «ልጄ፣ ያንን የዛፍ ማር አምጪልኝ» አሉኝ። ልጄ! አረዝቂ የያዘው ጋዜጣ ከእጁ ወደቀ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ጣሳው እየተገባደደ ነው። ረመዳን ማርች መጀመሪያ ላይ ይገባል፤ ሐኪሙ ቢከለክላቸውም እጾማለሁ ብለዋል፤ ሲያፈጥሩም በዚሁ ሽሮፕ ነው። ለኢድ ደግሞ ጣፋጭ ቂጣ ጋግረው፣ በሽሮፑ አርሰው ለጎረቤት ሁሉ ሊያበሉ አስበዋል። «ምራቴ አገር ዛፍ ማር ይሰጣል» ብለው ለፎቁ ሴቶች ተናግረው ጨርሰዋል። ካለዎት ላይ ጥቂት ጣሳ ቢልኩልኝ ምርቃታቸው ሙሉ ለሙሉ የእርስዎ ነው።

አጎቴን ጢማቸውን ጎትተው ይሳሙልኝ። ዕድሜና ጤና አይለይዎ።

የእህትዎ ልጅ፣
ማርጆሌን


ሴንት ኦዲል፣ ኬቤክ፣ ፌብሩዋሪ 21

ለልጄ ለማርጆሌን፣

ሰላምሽ እንደኛ በረዶ ይብዛ፤ እስከ መስኮት ማለቴ ነው። እኛ አለን። የአጎትሽ ወገብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሉት ያመዋል፣ ወደ ጫካ ሲሉት ይድናል። አሁን ዛፎቹን እየበሳ ባልዲዎቹን ሊሰቅል ስለሆነ እንደ ጎረምሳ ይዘላል። የበረዶ ጫማውን ጠግኖ፣ እንጨቱን ቆልሎ፣ በየማለዳው በር ላይ ቆሞ አየሩን ያሸታል። ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቅዝቅዝ ማለት ሲጀምር የዛፉ ውሃ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ባል የለኝም።

አማትሽ እህል መቅመሳቸው ደስ አሰኘኝ። «ልጄ» ማለታቸውማ እኔንም አስለቀሰኝ። ደብዳቤሽን ለአጎትሽ ጮክ ብዬ ሳነብለት ግን «ውሃና እሳት ብቻ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀ።

«አንቷንን ረሳችው» አለ።

እኔ አልሳቅሁም። ማርጆሌን፣ እውነት ረስተሽዋል? በሽሮፕ ማፍያ ቤታችን፣ ከወራጁ ሚስማር በገመድ ወርዶ ከገንዳው በላይ የሚንጠለጠለውን በጨው የታሸ የአሳማ ጮማ? አጎትሽ በየዓመቱ የማፍላቱ መጀመሪያ ቀን ባርኔጣውን አውልቆ የሚሰቅለውን፣ አሳማ ከጎኑ በሚሣለው ቅዱስ ስም የሚጠራውን? የዛፉ ውሃ ሲፈላ አረፋው ይነሣል፣ ይነሣል፣ ሊገነፍል ሲል ጮማውን ይነካና እርፍ ይላል። አንቺም ከሥሩ ቆመሽ «አንቷን፣ ያዘው!» እያልሽ ስትጨፍሪ ነው ያደግሽው።

እዚህ አገር ማንንም ሽሮፑ ውስጥ ምን አለ ብትዪው «ውሃና እሳት» ነው የሚልሽ። ሊዋሽሽም አይደለም። ጮማው ይጠብቃል እንጂ አይገባም ብለን አድገናል። እኔ ራሴ በየጣሳው ላይ «ከዛፍ ውሃ በቀር ምንም የለበትም» ብዬ በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ግን ልጄ፣ ወቅቱ ሲጀምር የክንድ ያህል የነበረ ጮማ ወቅቱ ሲያልቅ ገመዱ ላይ እንደ ጆሮ ጫፍ ይቀራል። የት ሄደ? በልተነዋላ! ይህን ያሰብኩት በዚህ ዕድሜዬ ዛሬ ገና ነው።

ለኛ ችግር የለውም፤ የኛ ሃይማኖት አሳማን ይፈቅዳል። የእሳቸው አይፈቅድም። እኔን ሰው በስቅለት ዕለት ሥጋ ደብቆ ቢያበላኝ ምን እንደምለው ታውቂያለሽ፤ ቄሱ ፊት የማይነገር ነገር ነው የምለው። ስለዚህ ካለኝ ጣሳ አንድም አልልክልሽም። አንቺም የቀረውን አታቅርቢላቸው። ደግሞም ንገሪያቸው። ባለማወቅ የሆነ ነገር ቶሎ ሲነገር ቀላል ነው።

በይ ቶሎ ጻፊልኝ። እግዚአብሔር ከፊትሽ ይቅደም።

አክስትሽ ብላንዲን


ማርሴይ፣ ማርች 10

ለተከበሩ አክስቴ ብላንዲን፣

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ደብዳቤዎ በጊዜው ደርሶኛል፤ መልሴ የዘገየው ቤቱ ሥራ ስለበዛበት ነው። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ሳምንቱን ሙሉ ሲያፏጭ ሰነበተ፤ ልብስ ማስጣት አልተቻለም። አረዝቂ ወደብ ላይ የማታ ፈረቃ ተሰጥቶታል። ለሳሎኑ አዲስ መጋረጃ ገዛሁ፣ ሰማያዊ ነው።

ረመዳን ገብቷል። አማቴ እንዳሉት እየጾሙ ነው። መጀመሪያ ላይ በጣም ደክመው ነበር፤ ትናንት ማታ ግን በሉ፤ ተመስገን ነው። ስለ እርስዎም ይጠይቁኛል፤ «የዛፉ ሴትዮ ደህና ናት?» ይላሉ።

ስለጻፉልኝ ነገር አስቤበታለሁ። ያለ አንቷን ማፍላት አይቻልም? የዘንድሮውን ንጹሕ አድርገው ቢልኩልኝ፣ ያለፈውን ማንሣት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሰውነታቸው ገና አልጠናም፤ ድንጋጤ አይስማማቸውም። አንዳንድ ነገር ዝም ሲሉት በራሱ ያልፋል። ኢድ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ቢደርስልኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ለአጎቴ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ማርጆሌን


ሴንት ኦዲል፣ ማርች 25

ለማርጆሌን፣

እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን፤ እጄ ግን ተቃጥሏል፣ ጽሕፈቴ ቢያስጠላሽ ለዚያ ነው።

መጋረጃሽ ሰማያዊ መሆኑን ሰማሁ። አማትሽ «በሉ» ብለሽም ጽፈሻል። ምን እንደበሉ አልጻፍሽም። እኔ ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ አልደከመም።

ቢሆንም ጥያቄሽን ይዤ ወደ አጎትሽ ሄድኩ። ገመዱን እያዘጋጀ ነበር።

«ዘንድሮ አንቷን አይሰቀልም» አልኩት።

«ቄሱ ነው ያዘዘሽ?»

«አንዲት እስላም ሴት ናት።»

«መቼ መጣች?»

«አልመጣችም። ማርሴይ ናት።»

«ማርሴይ ተቀምጣ የኔን ሚስማር ታዛለች?» አለ። «አባቴ ሰቀለው፣ አያቴ ሰቀለው!»

«አያትህ ጥርስም አልነበራቸው፤ ያንተን እናውልቀው?»

«እንግዲያው አንቺው አፍዪው!» ብሎ ጮማውን በብብቱ ታቅፎ ወደ ቤት ገባ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ባርኔጣውን እንዳወለቀ ነው የሄደው።

ገንዳውን በፈላ ውሃና በሆምጣጤ ስፈትግ ዋልኩ። የስንት ዘመን ጮማ እንደላሰ ጥጉ ይናገራል። ወራጁንም አጠብኩት፤ ገመዱን እሳት ውስጥ ጣልኩት። ለአረፋው ጎረቤቶቻችን ቅቤ ይበቃል ሲሉ እሰማ ስለነበር አንድ ጎድጓዳ ሳህን ቅቤ ይዤ እሳቱን ለኮስኩ።

አረፋ መጀመሪያ የዋህ ነው። ነጭ ሆኖ ጥግ ጥጉን ይይዛል። ከዚያ እንደ ሐሜት ነው፤ ዞር ስትዪ አገር ሞልቷል። እንጨት ልጨምር ጎንበስ ባልኩበት ገነፈለ። ምድጃው ጮኸ፣ ቤቱ በተቃጠለ ስኳር ጢስ ተሞላ፣ ገንዳው ጎድሎ ታቹ አረረ። እጄም ያኔ ነው የተለበለበው። በማግስቱ እንዳይደገም ብዬ፣ አረፋው ገና ቀና ሲል አንድ እፍኝ ቅቤ ወረወርኩበት። ፍላቱ ድርግም ብሎ ሞተ። ሽሮፑ ሲቀመስ ቅባት ቅባት ነው የሚለው፤ የሱፍ ማጥለያውን ደፍኖት ጠብ አልል አለ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን የሚለቀምም አላገኘሁ። ባልዲው ላይ ተቀምጬ ተነፋረቅሁ። ለአማትሽ አይደለም ያለቀስኩት፤ ለራሴ ነው። ዕድሜ ልኬን ይህን ሽሮፕ ስሸጥ ኖሬ አንድ ገንዳ ማፍላት አልችልም።

ቀና ስል አጎትሽ በሩ ላይ ቆሟል።

«ተቃጠልሽ?»

«ምን አገባህ?»

«ጮማ አይተኛም፣ አይጎነበስም፣ እንጨት ልጨምር አይልም» አለኝ። «ቅቤ ግን ራሱ ጠባቂ ይፈልጋል። እኔ እሳቱን፣ አንቺ አረፋውን። ግን ለእስላሟ ሴት ብዬ አይደለም፤ ገንዳዬን እንዳትጨርሺው ነው።»

ምድጃው አፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከገንዳው ዓይኔን አልነቀልኩም። የእንጨት ጫፍ ቅቤ አስነክቼ፣ የአተር ፍሬ የምታህል፣ አረፋው ከሚነሣበት ጥግ ላይ ብቻ ጠብ ማድረግ፤ ከዚያ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ። እርፍ ሲል አለመጨመር። እንደገና ሲነሣ ብቻ እንደገና ጠብ። «እሳት!» ስለው ይጨምራል፣ «በቃ!» ስለው ያቆማል፤ ትዳር ከያዝን እንዲህ ታዞልኝ አያውቅም። ሲመሽ ሽሮፑ ከጭልፋው ላይ እንደ ስስ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ወረደ። ደርሶ ነበር። አጎትሽ ቀመሰና «እህ፣ ጣዕም የለውም» አለ፤ ሁለተኛ ጭልፋም ቀዳ።

ይኸው ጣሳው ተከድኖ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። «የዛፍ ውሃና ትንሽ ቅቤ» ብዬ ጽፌበታለሁ። አጎትሽ «ጎረቤት መሳቂያ አደረግሽን» ይላል። ይሳቁ።

ግን አልልከውም፣ ማርጆሌን። ከሸፈንሽው ነገር ላይ ንጹሕ ጣሳ ልታስቀምጪበት ነው የፈለግሽው። እኔ ለዚያ አልተለበለብኩም። ሂጂና ንገሪያቸው፤ ካልደፈረሰ አይጠራም። ነግሬያቸዋለሁ ብለሽ የጻፍሽልኝ ቀን ፖስታ ቤት ነኝ። ካልነገርሽ እኛው እንቁላል እናበስልበታለን።

ምን እንደፈራሽ አላጣሁትም። «ልጄ» የሚለውን ቃል እንዳታጪ ነው። ልታጪውም ትችያለሽ፤ ሌላ አልዋሽሽም። እናትሽ በሞተች ማግስት ቀድሜ ልጄ ያልኩሽ ግን እኔ ነኝ፤ እሱን ማንም አይወስድብሽም።

የምትወድሽ፣
ብላንዲን


ማርሴይ፣ ኤፕሪል 12

ለአክስቴ ለብላንዲን፣

እጅዎ እንዴት ሆነልኝ? ማር አድርገውበታል? አጎቴን እሳቱን ስለጠበቁልኝ እጃቸውን እስማለሁ በሏቸው። ጣሳውን መላክ ይችላሉ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በኢድ ዋዜማ ነው። ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት። ልክ ነዎት፤ ምን እንደበሉ ያልጻፍኩት ስላፈርኩ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ እንደመጣ ጣሳውን ከዱቄቱ ጀርባ ደበቅሁና «አለቀ» አልኳቸው። ረመዳን ገባ። አመሻሽ ላይ ሲያፈጥሩ ውሃ ይጠጡና ያቆማሉ። ቴምሩን ቀምሰው ይመልሱታል። ሾርባውን ያሸቱና ይገፉታል። አንድ ምሽት አረዝቂ ሥራ ላይ ሳለ የውሃው ብርጭቆ ጥርሳቸውን እየመታ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። አልቻልኩም። ጣሳውን አወጣሁት።

«አለ እንዴ?» አሉ።

«ጥግ ውስጥ አገኘሁት» አልኳቸው።

ቢስሚላህ ብለው በሉ። እያወቅሁ ሰጠኋቸው፣ አክስቴ። «ተመስገን» ብዬ የጻፍኩልዎ እሱን ነው።

በኢዱ ቀን ቂጣውን በስኳር አርሰው አቀረቡ። ሴቶቹ «የታለ የምራትሽ አገር ማር?» ሲሏቸው «በረዶው መንገድ ዘግቶባቸው ነው» ብለው ለእኔ ተከራከሩልኝ። እንግዳው ሁሉ ሲወጣ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ነገርኳቸው፤ ሚስማሩን፣ ገመዱን፣ ጮማውን፣ አረፋውን፣ ያለ ጮማ ሲያፈሉ እጅዎ መቃጠሉንም።

«ስም አለው ያልሽው?» አሉ።

«አዎ። አንቷን።»

«ለጮማ ስም አወጣችሁለት?»

«አጎቴ ናቸው።»

ከንፈራቸው የሚስቅ መሰለኝና ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ ግን ያንን ምሽት ነገርኳቸው፤ ከጥግ አገኘሁት ያልኩትን። ከንፈራቸው ተከደነ። ተነሥተው አፋቸውን ደጋግመው ታጠቡ። ጣሳውን አስመጡና ታች ላለችው ለክርስቲያኗ ኮርሲካዊት ጎረቤታችን «ለአንቺ ተፈቅዷል» ብለው ሰጧት። ክፍላቸው ገብተው ዘጉ።

ከዚያ በኋላ አላነጋገሩኝም። «ያቺ ሴትዮ» እንኳ አላሉኝም። የሚፈልጉትን ለልጃቸው ይነግሩታል፣ እሱ ለእኔ ይነግረኛል። ምግብ ሳቀርብ ሰሐኑን ከእጄ ሳይሆን ከጠረጴዛው ላይ ያነሣሉ። ይበላሉ ግን፤ ጥቂት ጥቂት ሾርባ ይበላሉ። አረዝቂ «ተያቸው፣ ይበርድላቸዋል» ይለኛል። እኔ ግን እንደማይበርድላቸው አውቄ ልብሴን ሰብስቤ ወደ እርስዎ መምጣት ሁሉ አስቤ ነበር። ተሸማቅቄ ነው የሰነበትኩት፣ እውነቱን ልንገርዎ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ሶላታቸውን ጨርሰው ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ ጠሩኝ። «ልጄ» አላሉኝም። «ማርጆሌን» አሉኝ። ስሜን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለካ ያውቁታል።

«ያቺ አክስትሽ» አሉ፣ «ያለ ጮማ ለማፍላት እጇ ተቃጠለ ያልሽው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሰባ አልፈዋል።»

«ቅቤው የላም ነው?»

«የላም ነው።»

«ትላከው። ፊት ለፊቴ ትከፍቺዋለሽ።»

ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ። ሰሐን እንኳ ከእጄ አይቀበሉም ነበር።

«ያላወቅሁትን አላህ አይጠይቀኝም» አሉ። «የዚያን ምሽቱን ግን አንቺን ይጠይቅሻል።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

«እንዳይጠይቅሽ እየለመንኩት ነው። ከሰው ጋር እያወሩ እንዲህ ያለ ልመና አይሆንም። ዝም ያልኩሽ ለዚያ ነው። አሁንም ውጪ፤ ገና አልጨረስኩም።»

ወጥቼ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁላቸው።

ለሁላችሁም ሰላም ይብዛላችሁ።

የእህትዎ ልጅ፣
ማርጆሌን